ሦስት ፈረስ በአንድ ገመድ

አንድ ገበሬ ነበረ። ፈረስ ያውቃል። ገና ከሩቅ አረማመዱን አይቶ ይህ ይቀድማል፣ ያ ይሰንፋል ይላል፤ ያለውም አብዛኛውን ጊዜ ይሆናል። ቆይ ቢያድግልኝ፣ አትቸኩል፤ ጥያቄህን አልረሳሁም፣ ወደዚያው ነው የምመጣው።

በዚያ አገር በየዓመቱ፣ እርሻ ሊጀመር ሲል፣ በሜዳው ላይ ሦስት ግልቢያ ይደረጋል። ሰዉ ሁሉ ይወራረዳል። የውርርዱ ዳኛ ገመድ ያድላል፤ ተወራራጁም ለመረጠው ፈረስ አንድ ቋጠሮ ይቋጥራል። ለየፈረሱ የተለያየ ገመድ የያዘ ሰው አንዱ ቢሸነፍበት ሌላው አይነካበትም። ሦስቱን በአንድ ገመድ የቋጠረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ፈረስ ካሸነፈ ያስያዘው አንድ በሬ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱም እንዳሉ ለሁለተኛው ፈረስ መያዣ ይሆናሉ። እሱም ካሸነፈ አራት፤ አራቱ ደግሞ ለሦስተኛው ይያዛሉ። ሦስተኛውም ካሸነፈ ስምንት በሬ! ከሦስቱ አንዱ ከተሸነፈ ግን ሁሉም ይሄዳል።

ገበሬው ከሁለቱ የእርሻ በሬዎቹ አንዱን ጎትቶ መጣ። ሚስቱ «ሰውዬ፣ ዝናቡ እኮ ደርሷል፤ በምን ልታርስ ነው?» አለችው። «በስምንት በሬ!» ብሎ ሳቀና ሦስቱን በአንድ ገመድ ቋጠረ። ጎረቤቱም እነዚያኑ ሦስት ፈረሶች መረጠ፤ እሱ ግን በሦስት ገመድ፣ ለየአንዳንዱ አንድ በግ አስይዞ ነው። ገበሬው አሾፈበት።

ግልቢያው ተጀመረ። ጉራቻው ፈረስ አቧራውን እያጨሰ ወጣና አሸነፈ! ገበሬው ዘለለ። በሁለተኛው ግልቢያ ቡላው ከኋላ ተነሥቶ፣ አንዱን አልፎ፣ ሌላውን አልፎ፣ እሱም አሸነፈ! ገበሬው ጋቢውን ወደ ላይ ወረወረ፤ የማያውቀውን ሰው አቅፎ ሳመ፤ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። አራት በሬ! በልቡ በረቱን ማስፋት ጀምሯል።

ያን ጊዜ ዳኛው እንደ ልማዱ ቢላዋ ይዞ መጣ። ከመጨረሻው ግልቢያ በፊት፣ እስካሁን ያልተሸነፈውን ሁሉ መጠየቅ ሥራው ነው። «ልቁረጥልህ ወይስ ይሩጥ? ከቆረጥሁት አራት በሬ ነድተህ ትገባለህ።»

«አስቆርጠው፣ በሞቴ» አለች ሚስቱ።

ገበሬው ገመዱን በብብቱ ሸሸገ። «ይሩጥ! ዳማውን የሚቀድም ገና አልተወለደም!»

ሦስተኛው ፈረስ፣ ዳማው፣ በእርግጥም ቀደመ። ሜዳውን አጋምሶ ቀደመ፤ ሕዝቡ ሁሉ ብድግ ብሎ፣ ገበሬው ከሁሉ በላይ እየጮኸ፣ አሁንም ዳማው ከፊት ነው። መድረሻው ጥቂት ሲቀረው ጋላቢው ተከታዩ የት እንደ ደረሰ ለማየት ወደ ግራ ዞር አለ። ተከታዩ አምባላይ ፈረስ ግን በቀኝ በኩል መጥቶ በአንገት ቀደመው። ሜዳው በእልልታ ተናወጠ።

ጎረቤቱ በዳማው አንድ በግ ተወሰደበት፤ በጉራቻውና በቡላው ሁለት ተጨመረለት። በሦስት በግ መጥቶ አራት እየነዳ ገባ። ገበሬው ግን ሁለት ጊዜ በትክክል አይቶ፣ ምንም እንዳላየ ሰው ባዶውን ተመለሰ። ዝናቡ ሲጥል ቀንበሩ በአንድ በኩል ባዶ ነበር።

አየህ ቢያድግልኝ፣ «የስፌት መኪናዬን ልሽጣት ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። በዋጋዋ ማር ትነግዳለህ፤ የማሩን ዋናና ትርፍ ሰብስበህ ባጃጅ ትገዛለህ፤ ባጃጁን ሸጠህ ወፍጮ ትተክላለህ። ማሩም ጥሩ ነው፣ ባጃጁም፣ ወፍጮውም፤ ፈረስ ማወቅህን አልጠራጠርም። ግን ሦስቱን በአንድ ገመድ ቋጥረህ ያስያዝኸው ልጆችህ የሚበሉባትን መኪና ነው። ማሩን ሞክረው፤ መኪናዋ ባስገኘችልህ ትርፍ ሞክረው፣ በመኪናዋ አይደለም። ለዚያ ሰው ቢላዋ የያዘ ዳኛ መጥቶለት ነበር። ላንተ የሚመጣ የለም። ልብስ ሰፊ ነህ፣ መቀሱ በእጅህ ነው፤ ገመዱን ዛሬውኑ ቁረጠው።