የፍሳሹን መዝጊያ የከፈተችው እልፍነሽ

አንዲት ሴት ነበረች፤ እልፍነሽ ትባላለች። ሥራዋ በከተማው ዳር ባለ ቆዳ ፋብሪካ የፍሳሹን ገንዳ መጠበቅ ነው። ቆዳ የታጠበበት መርዛም ውሃ እዚያ ገንዳ ውስጥ ተጣርቶ ነው ወደ ወንዝ የሚለቀቀው። ይህ ፋብሪካ እንዲመጣ በጾም በጸሎት የለመነች ሴት ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ልጆቿን ያሳደገችው በዚሁ ሥራ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የማጣሪያው ፓምፕ ተበላሸ። ገንዳው ሞልቶ አፉ ላይ ደረሰ። የፈረቃው አለቃ አቶ ደምሰው እየሮጡ መጡ።

«መዝጊያውን ክፈቺው፣ እልፍነሽ!»

«ሳይጣራ?»

«ሥራው ይቁም ታዲያ? አራት መቶ ሰው ቤቱ ይግባ? ለዛሬ ብቻ ነው!»

ምን ታድርግ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ከፈተችው። ጥቁር ውሃ እየተንደቀደቀ ወረደ።

ከዚያ ነው ድንገት ክው ያለችው። ታላቅ እህቷ እትዬ በለጡ የምትኖረው ከፋብሪካው በታች፣ ወንዙ ዳር ነው። ለቤቷ የምትቀዳው፣ ከብቶቿን የምታጠጣው ከዚያው ወንዝ ነው። ስልክ ደወለች፤ አይነሳም። ደግማ ደወለች፤ አይነሳም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በወንዙ ዳር ሮጠች። ውሃውም ከጎኗ ይሮጣል። እሷ ትደክማለች፤ ውሃ ይደክማል እንዴ? ቀደማት።

ስትደርስ እህቷ ጄሪካኗን ሞልታ ልትሸከም ጎንበስ ብላለች። ሁለት ላሞች ወንዙ ውስጥ ቆመው ይጠጣሉ።

«እትዬ፣ ድፊው! ላሞቹን አውጪ!»

«ምን ሆነሻል? ምን ገባበት?»

«እኔ ነኝ የለቀቅኩት።»

እትዬ በለጡ ውሃውን ደፋች፤ ላሞቹን በበትር እየመታች አስወጣች። ከዚያ እህቷን ዐይን ዐይኗን አየቻት።

«ልጄ እኮ እዚያው ነው የምትሠራው። ፋብሪካው ይዘጋ ብል ሥራ ትፈታብኛለች። አይዘጋ ብል ምን እንጠጣለን? ንገሪኝ እንጂ!»

እልፍነሽ ፊቷን ወደ ፋብሪካው አዞረች። ተመልሳ ወጣችና መዝጊያውን በሁለት እጇ ዘጋችው። «ፓምፑ እስኪሠራ አልከፍትም፤ ከፈለጉ ያባርሩኝ» አለቻቸው አቶ ደምሰውን። ሥራ ቆመ። ሠራተኛው ሁሉ በክፉ ዐይን አያት። በማግስቱ አንደኛዋ ላም ሞተች።

ፓምፑን ለመጠገን ስንት ቀን የፈጀ ይመስላችኋል? አራት ቀን! ወገኖቼ፣ አራት ቀን ብቻ!

ፋብሪካ ጠላታችን አይደለም። ልጆቻችን ሥራ ይፈልጋሉ፤ እኔም ዘወትር የምጸልየው ለዚሁ ነው። ግን የእኛ እንጀራ የሌላውን ጉሮሮ የሚዘጋ ከሆነ፣ በረከት ልንለው እንችላለን?

ጋራዥ ያላችሁ፣ የተቃጠለውን ዘይት የት ነው የምትደፉት? ክረምት ሲገባ ጎርፍ ይወስደዋል ብላችሁ ቆሻሻ የምታከማቹ፣ ጎርፉ የት የሚወስደው ይመስላችኋል?

እኔ እፈራለሁ። የምፈራው ክፉዎች ስለሆንን አይደለም፤ ደግ ሰዎች ሆነን ሳለ በችኮላ እንዳንገዳደል ነው።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ፣ ከእናንተ በታች የሚኖረውን ጎረቤት በር አንኳኩ። «ከእኛ የሚወርደው ምን እያደረሰባችሁ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ሳትሰሙ ወደዚህ ቤት ለጸሎት አትመለሱ።