ያላለቀው ጥለት

«አንድ ሰው ነበረ፤ ሸማኔ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው አባቱን ቀብሮ በተመለሰባት ማክሰኞ ነው።»

መምህር ይርዳው እንዲህ ብለው የጀመሩት ተማሪያቸው ፌቨን ላነሣችው ጥያቄ ሲመልሱ ነው። «የኮምፒውተሩ ሜሞሪ ሲሞላ፣ ሜሞሪውን የሚያከፋፍለው የሲስተሙ አስኳል፣ ከርነሉ፣ ብዙ ጊዜ ያልተነካውን የሜሞሪ ገጽ ነጥቆ ለሌላ ፕሮግራም ቢሰጠው ምናለበት?» ብላ ነበር።

ሸማኔው በሚሠራበት ግቢ ሰዉ ብዙ፣ የሽመና ዕቃው ጥቂት ነበር። ቢሆንም ደግ ጊዜ ነበር። ከማለዳ ጀምሮ የመወርወሪያ ድምፅ አይቋረጥም፤ አንዱ ሲያዜም ሌላው ይቀበለዋል፤ ክር የበጠሰ እንደሆነ «አንተ ሰው፣ ዛሬ ሚስትህ ሳታበላህ ነው እንዴ የላከችህ?» ይሉታል። የግቢው ሽማግሌ ጠዋት ጠዋት እየዞሩ በየዕቃው ላይ ቀይ ክር ያስራሉ። ሊሠራ የተቀመጠ ሰው ክሩን መበጠሱ አይቀርም። በማግስቱ እንደታሰረ ካገኙት ባለቤቱ እንዳልመጣ ያውቃሉ። ያን ጊዜም አይቸኩሉም፤ ጎንበስ ብለው ድሩን ያያሉ። ዕቃው ባዶ ከሆነ ቦታውን ለተረኛ ይሰጣሉ። ያላለቀ ሥራ ካለበት ግን መጀመሪያ ከነድሩ አውርደው፣ ጠቅልለው ዕቃ ቤት ያስቀምጡለታል።

ሸማኔው አባቱ የጀመሩትን ጥለት ይጨርስ ነበር። ያ ጥለት በአባቱ ጣቶች እንጂ ሌላ የትም አልነበረም። እጃቸው ሲዝል መሐል ላይ ተዉለት፤ እሱም እሳቸው የሠሩትን እያየ ይቀጥላል። ሞቱ። ሊቀብር አገር ቤት ወረደ።

በዚያው ሰሞን ሽማግሌው ደክመው አዲስ አለቃ ተሹሞ ነበር፤ ቦታ ሲባክን የሚያንገበግበው ሰው። ቀዩ ክር እንደታሰረ አየ፤ ድሩን አላየም። መቀስ አንሥቶ ጥለቱን ከነድሩ ቆረጠው። ቁራጩን መወልወያ አደረጉት።

ሸማኔው ሲመለስ በቦታው ሌላ ሰው ተቀምጦ ነጠላ ይሠራል።

«ወንድሜ፣ እዚህ የነበረውስ?»

ሰውየው በአገጩ ወደ አለቃው ጠቆመ።

«አልነበርክማ!» አለ አለቃው። «ክርህም አልተበጠሰም።»

«እኔስ አልነበርኩም። ጥለቱ ግን ነበረ። እሱ ምን አደረገህ?»

አለቃው ቀይ ክሩን ሊያስር ወደ ቀጣዩ ዕቃ አለፈ። ሸማኔው ከዚያ ወዲያ በብዙ ዕቃ ላይ ተቀመጠ፤ ዜማውም ቀልዱም በጆሮው ይመላለሳል፤ ጣቶቹ ግን ያን ጥለት ዳግመኛ ሊያወጡት አልቻሉም።

መምህሩ ወደ ፌቨን ዞሩ። «እንግዲህ ልጄ፣ ከርነሉ ቦታ የሚያከፋፍለው የግቢው አለቃ ነው፤ ዕቃው የሜሞሪ ቦታ፤ ዕቃ ቤቱ ዲስኩ፤ ክሩ ገጹ መነካት አለመነካቱን የሚናገር ምልክት። ያልተነካ ሁሉ ባዶ አይደለም። ዲስክ ላይ ያልደረሰ ለውጥ ካለበት መጀመሪያ ይጻፋል፣ ከዚያ ይለቀቃል። አንቺ ምናለበት አልሽኝ። ሸማኔው ይኸው ዕድሜውን ሙሉ «ጥለቱ ምን አደረገ?» እያለ ይጠይቃል፤ የመለሰለት የለም። ነገ ከርነል ስትጽፊ መቀሱን የምትይዢው አንቺ ነሽ። በይ፣ መልሺለት!»