የታጠበው ጨው

አንድ እንግዳወርቅ የሚባል ተመራማሪ ነበር። የትውልድ መንደሩን ወንዝ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ አበላሽቶት፣ ከወንዙ የጠጡ ከብቶች እያበጡ ይሞቱ ነበር። መርዙን የሚሰባብር ኢንዛይም የተባለ ፕሮቲን ቢፈልግም የሞከረው ሁሉ ከሸፈ። ፍሳሹ ጨው የበዛበት ስለሆነ፣ ጨው የኢንዛይሙን ውሃ እየነጠቀ ሥራ ያስፈታዋል።

በመጨረሻ ወደ አፋር በረሃ ወረደ። ሁመድ የሚባሉ ሽማግሌ ጨው ቆራጭ፣ ጥቃቅን ፍጥረታት ቀይ ወዳደረጉት የጨው ኩሬ መሩት።

«ውሃውን ከነጨው ያዘው» አሉት። «ዝናብ ሲገባበት ቅላቱ ይጠፋል፤ ከዚያ ይገማል።»

«አባቴ፣ እነዚህ እኮ ጨውን ችለው ነው የሚኖሩት።»

«እኔ ያየሁትን ነገርኩህ» አሉ ሁመድ።

ካመጣቸው ፍጥረታት ሁሉ ጨምቆ ያወጣው ኢንዛይም በፍሳሹ ውስጥ መርዙን ሰባበረው። እንግዳወርቅ አለቀሰ። ምስጢሩንም ደረሰበት፤ የኢንዛይሙ ገጽ በአሉታዊ የኤሌክትሪክ ቻርጅ የተሸፈነ ነው፤ በዚያ ውሃውን አጥብቆ ይዞ ጨውን ይቋቋማል።

ግን አልበቃውም። «በጨው ውስጥ ይህን ከሠራ፣ በንጹህ ውሃማ ምን ሊሠራ ነው!» ብሎ፣ ያለውን ሁሉ ከጨው አጠበው።

በማግስቱ ኢንዛይሙ አይሠራም። ለካ እነዚያን ቻርጆች አቻችሎ ያኖራቸው ጨው ነበር። ጨው ሲታጠብ እርስ በርስ ተገፋፍተው ቅርጹን አፈረሱት። ጨው ቢመልስበትም አልዳነም።

ወደ በረሃው ሮጠ። ኩሬው በማዕድን ቆፋሪዎች አፈር ተደፍኖ አገኘው። ሁመድም እንደዚያ ያለ ሌላ ኩሬ አያውቁም።

መንደሩ ሲደርስ ጎረቤቱ ወይዘሮ ዝማም አንዲት የቀረቻቸውን ላም ይዘው ጠበቁት።

«ልጄ፣ መድኃኒቱን አግኝተሃል አሉ። ከወንዙ ላጠጣት?»

«አግኝቼው ነበር እማማ። ላሻሽለው ብዬ አጠፋሁት።»

«እኛ መቼ የተሻለ አልንህ?»

ሲያጠጧት የኖሩት የዝናብ ውሃ አልቆ ሌላም በአካባቢው ስለሌለ፣ ላሚቱ በሦስተኛው ቀን ገመዷን በጥሳ ወደ ወንዙ ወረደች። እዚያው ሞተች።

ወዳጆቼ፣ በመከራ ውስጥ የቆመ ሁሉ መከራውን ታግሶ ብቻ የቆመ አይምሰላችሁ፤ አንዳንዱ አቋሙ የተሠራው በዚያው ነው። ለማሻሻል እጃችሁን ከማንሳታችሁ በፊት አብሮት የኖረውን ሰው ጠይቁ፤ ሲነግራችሁም ስሙት። እናንተስ እናሻሽል ብላችሁ ያፈረሳችሁት ማንን ነው?