የሹሙ አዲስ ዓይን

ዓይኑ የደከመ አንድ ሹም ነበር። ሩቁም ቅርቡም ይደበዝዝበታል። በሚያስተዳድረው ከተማ መምህር ይልቃል የሚባሉ ጡረተኛ ይኖሩ ነበር። ቤታቸው ቁልቁለት ላይ ነው፤ ከጓሯቸው በላይ ያለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ደግሞ በአፈርና በድንጋይ ተደፍኗል። ክረምት ሳይገባ እንዲጠረግ የጎደለው የሹሙ አንድ ፊርማ ብቻ ነበር።

መምህሩ በጥር ማመልከቻቸውን ይዘው ሄዱ።

«መነጽሬን ቤት ረሳሁት፤ ሳላነብ ደግሞ አልፈርምም» አለ ሹሙ።

«እኔ ላንብብልዎ?» አሉ መምህሩ፣ በክር የታሰረ መነጽራቸውን እያስተካከሉ።

«ኧረ መምህር! የራስዎን ማመልከቻ ራስዎ አንብበው? ሥርዓት አለ እኮ!»

በመጋቢት ሹሙ መነጽሩን ጥሎ ዓይን ውስጥ የሚደረገውን ሌንስ ጀመረ። መምህሩ ሲደርሱ አቧራ ገብቶበት ዓይኑን ሲያሽ አገኙት። «ዛሬማ አልሆነም» አላቸው። መምህሩ ሲወጡ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ደመና የለም። ተመስገን ብለው ወደ ቤታቸው ወረዱ።

በሚያዝያ ሹሙ ዋና ከተማ ሄዶ ዓይኑን በሌዘር ታክሞ ተመለሰ። እንግዲህ ሰበብ አለቀ ያሉት መምህር ብርቱካን ገዝተው ሊጠይቁት ሄዱ።

«ሐኪሙ ለጥቂት ቀን ዓይንህን አሳርፍ ብሎኛል» አለ ሹሙ፣ ከጥቁር መነጽሩ ሥር።

«ይረፉ፣ ይረፉ» አሉ መምህሩ ጥርሳቸውን ነክሰው።

በግንቦት መጨረሻ ዓይኑ ፈጽሞ ድኖ አገኙት። ጠረጴዛው ላይ ባሉት ወረቀቶች ክርኑን አስደግፎ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። «መምህር፣ ያቺ ማዶ የቆመችው መኪና ታርጋዋ ይነበበኛል! ቁጥሩን ልጥራልዎ?»

«ማመልከቻዬስ?»

«የትኛው?»

«አሁን ክርንዎን ያስደገፉበት።»

«እሱን ከስብሰባ በኋላ እናየዋለን።»

ሰኔ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ወረደ። ጎርፉ በጓሮ ገብቶ በሳሎን ወጣ፤ መምህሩ ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሟቸውን መጻሕፍትም ይዞ ወጣ። ሹሙ ጃንጥላውን ዘርግቶ ከላይ መንገዱ ዳር ቆመ።

«ያ የሚንሳፈፈው የጂኦግራፊ መጽሐፍ አይደለም?» አለ እየተደነቀ። «ከዚህ ሆኜ ርዕሱ ይነበበኛል! ግን መምህር፣ እንዲህ ያለ ችግር ካለብዎ ምነው ሳያመለክቱ ቀሩ?»

መምህሩ ጉልበታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመው የማመልከቻውን ቅጂ ከኪሳቸው አወጡና ወደ ላይ ዘረጉት። ቀለሙ ታጥቦ ወርዷል።

«ምንም አይታይም» አለ ሹሙ።

«አዎን» አሉ መምህሩ፤ «ከጥር ጀምሮ እንደዚያው ነው።»

መነጽርም፣ ሌንስም፣ ሌዘርም የደከመ ዓይንን ይረዳሉ። ማየት ያልፈለገን ሰው እንዲያይ የሚያደርግ ሐኪም ግን ገና አልተወለደም። አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ክርንዎን ከጠረጴዛው ላይ ከፍ ያድርጉት። ሥሩ ያለው ወረቀት የማን ነው?