የውብዳር መጅ

በጥንጁት ሜዳ የቅዳሜ ገበያ፣ ከሾላው በታች፣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ረድፍ «ስሟን ጥሪ» ይባላል። እዚያ ጋን ወይም ቀሚስ የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት «የማን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፤ ስሙ ሲነገረው እጁን ዕቃው ላይ አኑሮ ባለቤቱን በስም እየጠራ ፈቃድ ይለምናል።

አባቶች እንደሚናገሩት፣ የሞተር ወፍጮ ሳይመጣ በፊት፣ በዚያ አገር አንጓች የምትባል ቁጡ ሴት ነበረች። ባሏ ደምለው ዝምተኛ ገበሬ ነበር። የድንጋይ ወፍጮዋ አልቆ ስለተቸገረች ደምለው ከገበያ ያገለገለ ወፍጮ ከነመጁ ገዝቶ በአህያ ጭኖ አመጣላት። በእጅ የሚገፋው ድንጋይ፣ መጁ፣ ወደ ግራ አድልቶ ያለቀ ነበር፤ የቀድሞዋ ባለቤት ግራኝ ሳትሆን አልቀረችም። ዱቄቱ ግን እጅግ ይልም ስለነበር ደምለው ቂጣውን ቀምሶ «ዛሬስ ፈጨሽ» አላት፤ እሷም ደስ አላት።

ደስታዋ የቆየው ወንዝ እስክትወርድ ነው። ውሃ ስትቀዳ አንዲት ጎረቤቷ የወፍጮው ባለቤት በኅዳር የሞተችው የውብዳር እንደነበረች ነገረቻት። የውብዳር ደግሞ ደምለው አንጓችን ሳያገባ በፊት ሽማግሌ የላከባት፣ አባቷ የከለከሉት ልጅ ነበረች።

አንጓች ቤቷ ገብታ ባሏን «የማን እንደሆነ ሳታውቅ ገዛኸው?» አለችው።

«እኔ የገዛሁት ድንጋይ ነው» አላት።

ከዚያ ወዲህ መጁን በያዘች ቁጥር የሟቿ እጅ በእጇ ላይ ተደርቦ ወደ ግራ የሚስባት ይመስላት ጀመር። ደምለው ቂጣውን ሲያመሰግን ሌላ ሴት ያመሰገነ ይመስላት ነበር። በመጨረሻም መፍጨቱን ተወችው፤ ቤተሰቡም ሳምንት ሙሉ ቆሎ ቆረጠመ ይባላል። አንድ ጠዋት መጁን በነጠላዋ አዝላ ወደ የውብዳር እናት ወደ ወይዘሮ ጠጂቱ ቤት ወጣች።

አሮጊቷ ደጃፍ ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። አንጓች መጁን እግራቸው ስር አስቀምጣ «ልጅዎ ከቤቴ አልወጣ አለችኝ፤ ይውሰዱልኝ» አለች።

ወይዘሮ ጠጂቱ ከምስራቸው ቀና አሉ። «አንጓች ማለት አንቺ ነሽ?»

«ስሜን ማን ነገረዎት?»

«የውብዳር ናታ። ከገበያ ስመለስ እዚሁ ወፍጮ ላይ ሆና ትጠይቀኝ ነበር። አንጓች ምን ለብሳለች፣ ደምለው አብሯት ነበር ወይ ትለኛለች። አብሯት ነበር ያልኳት ቀን መጁን እንዴት እንደምትጫነው፤ ድንጋዩን እንዲህ የበላው ያ ነው፣ ልጄ።»

አንጓች መጀመሪያ ደስ አላት ይባላል፤ ይህንንም በኋላ ራሷ አልደበቀችም። ወዲያው ግን አፈረችና አጠገባቸው ተቀመጠች። «ቆንጆ ነበረች?» አለች።

«እናቷ ነኝ፤ ምን እልሻለሁ?»

አንጓች መጁን መልሳ አዘለችው። ቤቷ ደርሳ እጇን አኖረችበትና «የውብዳር፣ ፍቀጅልኝ» ብላ መፍጨት ጀመረች፤ የመጀመሪያውንም ዱቄት ለተዝካሯ እንዲሆን ለወይዘሮ ጠጂቱ ላከች። ቅናቱ ጨርሶ ለቀቃት የሚል የለም። ደምለው ቂጣውን ባመሰገነ ቁጥር «የእሷን ነው የእኔን?» ትለው እንደነበር፣ እሱም አጎንብሶ መብላቱን ይቀጥል እንደነበር ይነገራል። የገበያው ሴቶች ግን ነገሩን ሰምተው እንደ እሷ ማድረግ ጀመሩ፤ ረድፉም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

አንጓች አርጅታ ስትሞት ወፍጮው እዚያው ረድፍ ላይ ቀረበ። አንዲት አዲስ ሙሽራ የማን እንደነበር ስትጠይቅ ሻጯ ሁለት ስም ነገረቻት።

«ታዲያ የቷን ልጥራ?»

«ሁለቱንም። አንዷን ብቻ ብትጠሪ ሌላዋ አታስፈጭሽም።»

ዛሬም በስሟን ጥሪ ሁለት ባለቤት ያለፈበት ዕቃ ሲሸጥ፣ ገዢዋ ማንኛዋም እንዳትቀድም ሁለቱን ስም በአንድ ትንፋሽ ትጠራለች።