ከፊልሙ የተቆረጠው ንግግር

አንድ ተርጓሚ ነበር። የጃፓን የካርቱን ፊልሞችን ወደ አማርኛ እየመለሰ ለአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ያቀርባል። ትርሲት የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው፤ እሱ የተረጎመውን ሁሉ እያየች ነው ያደገችው።

አንድ ጊዜ ከጥንቱ የቻይና ሊቅ ከኮንፊሺየስ ትምህርት የተቀዳ የጃፓን ፊልም መጣለት። በፊልሙ ውስጥ አንዲት ልጅ አባቷ ፊት ተንበርክካ ግንባሯን መሬት ታስነካለች። ከዚያ ቀና ትልና፣ «አባቴ፣ ተሳስተዋል። እያየሁ ዝም ካልኩ አከበርኩዎት አይባልም» ትለዋለች። አባትየውም ሰምቷት ሲያበቃ እሱም በተራው ጎንበስ ይልላታል።

የጣቢያው ኃላፊ ይህን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«መንበርከኩ ጥሩ ነው፤ ንግግሯን ግን ቁረጠው» አለ። «የእኛ ልጆች እንኳን ተነግሯቸው እንዲሁም አልቻልናቸውም።»

ተርጓሚው መከራከር ይችል ነበር። ግን እሱም አባት ነውና ነገሩ ተመቸው፤ ቆረጠው። ፊልሙ ልጅቷ እንደተንበረከከች አለቀ። ወላጆችም ወደዱት፤ ከጃፓን እንኳን ጨዋ ልጅ መጣልን ተባለ። የሚመቸንን መርጦ በመውሰድማ ማን ብሎን። ተርጓሚውም ትርሲትን አስቀምጦ ደጋግሞ አሳያትና «እንደሷ ሁኚ» አላት።

ዓመታት አለፉ። አባቷ ትርሲትን ለአንድ ሀብታም ነጋዴ ሊድራት ቃል ገባ። ነጋዴው የቀድሞ ሚስቱን ይደበድብ እንደነበር እሷ ሰምታለች፤ አባቷ አልሰማም። አልነገረችውም። ጉልበቱን ስማ ሄደች።

በዓመቱ አንድ ዓይኗ ጠፍቶ ተመለሰች።

አባትየው ተንሰቀሰቀ። «ልጄ፣ እያወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም? አንዲት ቃል ብትተነፍሺ እኮ እተወው ነበር።»

«አባባ፣ የልጅ ወግ እሱ መስሎኝ ነው» አለች። «ያቺ የፊልሟ ልጅም ተንበርክካ ዝም ነው ያለችው።»

«ዝም አላለችም» አላት። «ንግግሯን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ትርሲት በቀረው ዓይኗ አየችው። ምንም አልመለሰችለትም፤ ዝምታውን በደንብ አስተምሯታል።

እንግዲህ እኛም እንዲህ ነን። መከባበር ከሩቅ አገር ሲመጣልን የልጅን ማጎንበስ እንቀበላለን፣ የአባትን መስማት ኬላ ላይ እናስቀራለን። ከዚያ ጨዋ ልጅ አሳደግን ብለን እንኮራለን። ለመሆኑ የእርስዎ ልጅ «ተሳስተዋል» ብላዎት ታውቃለች? ብላዎት የማታውቅ ከሆነ፣ ስላልተሳሳቱ ይመስልዎታል?