የልብስ ሰፊው ጣሪያ

ደብረ ብርሃን ዳር ያለው የጥድ ሰፈር ሰው፣ የዘገየ ደግነት ሲያይ ጣል የሚያደርጋት አንዲት አባባል አለችው። የሌላ ሰፈር ሰው ሲሰማት ቀልድ ትመስለዋለች። የጥድ ሰፈር ሰው ግን ሲላት አይስቅም። ፕላስቲክ ዕቃ ሻጯ ትርንጎማ ስትሰማት ተነስታ ትወጣለች፤ ነገሩ የሆነው እሷው ሱቅ ደጃፍ ላይ ነዋ።

ሰፈሩ ውስጥ «የገበያ ማዕከል» የሚባል ነገር አለ። ስሙ ትልቅ ሆነ እንጂ በአንድ የቆርቆሮ ክዳን ሥር የተደረደሩ አሥራ አንድ ሱቆች ናቸው። በደህናው ዘመን ሰው ከሻማ እስከ ጫማ እዚያው ይገዛ ነበር። በኋላ ዋናው አስፋልት ላይ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ተሠራና ደንበኛው ወደዚያ ነጎደ። መተላለፊያው ጭቃ ሆነ፣ አሸንዳው ተገነጠለ፣ ሦስት ሱቆች ተዘጉ። ትርንጎም ዕቃዋን ደርድራ መንገድ መንገዱን ስታይ መዋል ሆነ ሥራዋ።

ከእሷ ቀጥሎ የልብስ ሰፊው የአቶ ላቀው ሱቅ ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሰኔ ላይ ጣሪያው ልክ በእሳቸው ሱቅ አናት ማፍሰስ ጀመረ። በዚያ ክረምት ደግሞ የትምህርት ቤቱን የደንብ ልብስ እንዲሰፉ ታዘው ነበር። ከስንት ዓመት በኋላ የመጣ ሥራ ነው። ጨርቁ ከሻገተ ስማቸውም ሱቃቸውም እንደሚያበቃለት ያውቁታል።

ያን ሰሞን ባለሱቆቹ «ማዕከላችንን እናድሰው» ብለው ተሰበሰቡ። አቶ ላቀው ቀድመው ተናገሩ።

«ከጣሪያው እንጀምር። አራት ቆርቆሮ ቢገኝ ይበቃል።»

ሊቀመንበሩ ባለ ሥጋ ቤቱ ዳምጤ ነበር። «ጋሽ ላቀው፣ ደንበኛ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አይገዛም። የሚያየው ፊት ለፊቱን ነው። ቀለሙ ይቅደም፣ ታፔላውም ይቀየር» አለ።

ሰው ሳቀ። አቶ ላቀው ጎረቤቴ ትደግፈኛለች ብለው ወደ ትርንጎ ዞሩ። ትርንጎ ከልቧ ትወዳቸው ነበር። ግን አዲሱ ታፔላ የጠፋውን ደንበኛ ይመልስልኛል ብላ ጓጉታለች። «እስካሁን እኔ ጋ ጠብ አላለም» አለችና አንገቷን ደፋች። ከዚያ ወዲያ ስለ ጣሪያ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ማዕከሉ ቢጫ ተቀባ፣ ታፔላውም ተሰቀለ። ሐምሌ ሲገባ ፍሳሹ ባሰበት። አቶ ላቀው ጨርቁን ከጥግ ወደ ጥግ፣ ከወንበር ወደ ጠረጴዛ ሲያዛውሩ ትርንጎ በግድግዳው በኩል ትሰማለች። ከሸቀጧ ሁለት ሳፋ አዋሰቻቸው። ትልቅ ውለታ የዋለች መስሏት ልቧ አረፈ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ አቶ ላቀው አንድ አሮጌ ቆርቆሮና መሰላል ይዘው መጡ።

«ትርንጎ፣ እስቲ መሰላሉን ያዥልኝ።»

«ደንበኛ ይዣለሁ ጋሽ ላቀው። ትንሽ ይታገሱኝ።»

«እኔስ እታገሥሽ ነበር፤ ደመናው ነው እንጂ» አሉ ፈገግ ብለው።

ደንበኛዋ ቀዩን ባልዲ ስታስቀምጥ አረንጓዴውን ስታነሳ ቆየች፤ በመጨረሻም ሳትገዛ ወጣች። ትርንጎ ወደ ደጅ የሮጠችው የቆርቆሮው ድምፅ አስደንግጧት ነው። አቶ ላቀው በአዲሱ ታፔላ ሥር፣ ጭቃው ላይ ወድቀዋል። ራሳቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ ደጋግማ ጠራቻቸው። አልመለሱላትም።

የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ ጥድ ሰፈር ግልብጥ ብሎ ወጣ። መቼም ለለቅሶ ማን ብሎት። መሰላል የሚይዝ አንድ ሰው የጠፋበት ሰፈር በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ተከለ፣ አግዳሚ ደረደረ፣ ንፍሮ ቀቀለ። ዳምጤም ካስማ እየመታ አለቀሰ፤ ለቅሶው የምር ነበር።

በማግስቱ ታላቅ ወንድማቸው አቶ ደምሰው ከአንኮበር ደረሱ። ዶፍ እየወረደ ነበር። ሽማግሌው ከተቀመጡበት ቀና ብለው ድንኳኑን ትክ ብለው ተመለከቱት።

«ይህን ሁሉ ዝናብ ችሎ አንዲት ጠብታ አላሳለፈም። የማን ነው?» አሉ።

«የእድራችን ነው አባቴ» አለ ዳምጤ። «ድርብ ሸራ ነው። አምና ሁላችንም ተረባርበን ነው ያሠራነው።»

«ስፌቱስ የማን ነው?»

ዳምጤ ንፍሮ ላቅርብ ብሎ ተነሳ። ትርንጎ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች «የእሳቸው ነው» አለች። «በነፃ ነው የሰፉልን።»

ከዚያ በላይ አልቻለችም። «መሰላሉን ያዥልኝ ብለውኝ ነበር» ብላ ሽማግሌው እግር ሥር ተደፋች። ስለ ጣሪያው፣ ስለ ስብሰባው፣ «እኔ ጋ ጠብ አላለም» ስለማለቷ፣ አንድም ሳታስቀር እያለቀሰች ነገረቻቸው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰማ።

አቶ ደምሰው አልተቆጧትም። ክንዷን ይዘው አነሷትና ከጎናቸው አስቀመጧት። ከዚያም እንደገና ወደ ወንድማቸው ስፌት ቀና ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ለኗሪ ቆርቆሮ ያጣ፣ ለሟች ድንኳን አመጣ» አሉ።